ብሬድቦርዱን የወለደው ቺፑ ነው

ያረጀ ብሬድቦርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ያለ ብየዳ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተሰኩ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) የሚሞከርበት ሰሌዳ፣ ካላችሁ አትጣሉት። ከጀርባው ያለውን ተለጣፊ ቀስ ብላችሁ ላጡት፤ ከቸኮላችሁ ብረቶቹ አብረው ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ አምስት ቀዳዳ ሥር አንድ ቀጭን ሞላ የመሰለ ብረት ተኝቷል። የሽቦውን ጫፍ ቆንጥጦ የሚይዘው እሱ ነው። አምስቱ ቀዳዳዎች ለምን እንደሚገናኙ ለጀማሪ ከማስረዳት ይህንን ማሳየት ይሻላል።

እዚህ የተደረሰው ግን በብዙ ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሬዲዮ በቤታቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች የሚሠሩት በእንጨት ላይ ነበር። የዳቦ መቁረጫ ጣውላ (በእንግሊዝኛ ብሬድቦርድ) ይመጣል፣ ሚስማር ይመታበታል፣ ሽቦው ሚስማሩ ላይ ይጠመጠማል። ቫኩም ቲዩቡ (ሲግናል የሚያጎላው አምፖል መሰል ዕቃ) እና የሽቦ ጥቅልሉ እዚያው ላይ ይታሰራሉ። አትዋተር ኬንት የተባለው የአሜሪካ አምራች እንዲያውም ሳጥን የሌላቸው፣ ዕቃቸው ጣውላ ላይ የተደረደረ ሬዲዮዎችን ይሸጥ ነበር። ፎቷቸውን ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። ምንም የተደበቀ ነገር የለም።

ጣውላ ያስኬደው ዕቃው ትልልቅ ስለነበር ነው። የቫኩም ቲዩብን ሥራ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር መጥቶ ሁሉም ነገር ሲያንስ ሚስማር አላዋጣም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ቬሮቦርድ ወጣ፤ በቀዳዳ የተሞላ፣ ከሥሩ የመዳብ መስመሮች የተዘረጉበት ሰሌዳ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሶልደር (በቀለጠ ብረት መበየድ) ይፈልጋል።

ነገሩን የለወጠው ቺፕ፣ ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ላይ የያዘው ትንሽ ዕቃ፣ ነው። ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 ሁለት ረድፍ እግር ያለውን የቺፕ ቅርፅ አመጣ። በአንድ ረድፍ ላይ ከእግር እስከ እግር 2.54 ሚሊሜትር፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ 7.62 ሚሊሜትር። ብሬድቦርዳችሁን ለኩት፤ እነዚሁን ቁጥሮች ታገኛላችሁ። መሃሉን የሚሰነጥቀው ቦይም ለቺፑ ሲባል የመጣ ነው። ቺፑ ሁለቱን ዳር ረግጦ ሲቆም የግራና የቀኝ እግሮቹ አይገናኙም። ዛሬ የምናውቀውን ነጭ የፕላስቲክ ብሬድቦርድ የነደፈው ኢ ኤንድ ኤል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባልደረባ ሮናልድ ፖርቹጋል ነው፤ የፓተንት ማመልከቻው የገባው በ1971 ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር መንቀል መቻሉ ነው። ሬዚስተሩን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታውን ዕቃ) ታወጣላችሁ፣ ሌላ ትሰካላችሁ፣ ውጤቱን ወዲያው ታያላችሁ። ሶልደር ቢሆን «ይሁን፣ ይበቃል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር እዚህ እንደገና ይሞከራል።

ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በጣም ፈጥኖ ለሚለዋወጥ ሲግናል፣ ግን አትመኑት። ጎን ለጎን የተኙት ብረቶች ራሳቸው ትንሽ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይሆናሉ፤ መጠኑ ጥቂት ፒኮፋራድ፣ ማለትም እጅግ ትንሽ፣ ቢሆንም ሰርኪዩቱን ያበላሻል። እንዲህ ላለው ሥራ መዳብ የለበሰ ሰሌዳ ወስዶ ዕቃዎቹን በአጭር በአጭሩ እዚያው ላይ ሶልደር ማድረግ ይሻላል።