የላክስተን ችካል

ዛሬ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለችውን ትንሿን የገጠር አጥቢያ፣ ላክስተንን፣ ዞሬ አየሁ። አፈሯ እንደ ዋልካ እግር የሚይዝ ቀይ ጭቃ ነው።

መጀመሪያ የገረመኝ የቤቶቹ አቀማመጥ ነው። ሌላው የእንግሊዝ ገጠር ውስጥ የገበሬው ቤት አብዛኛውን ጊዜ በማሳው መሃል ለብቻው ይቆማል። እዚህ ግን የገበሬዎቹ ግቢዎች ዋናውን መንገድ ይዘው ተደርድረዋል። የአንዱ ሰው መሬት አንድ ቦታ አይደለማ! ምዕራብ፣ ደቡብና ወፍጮ በሚባሉ ሦስት ሰፋፊ መስኮች ላይ እየተቆራረሰ ተበታትኗል። በመሃላቸው አጥር የለም። አንዱ መስክ የክረምት ስንዴ ይዘራበታል፣ ሁለተኛው በጸደይ ይዘራል፣ ሦስተኛው ከእህል ያርፋል። በየዓመቱ ይፈራረቃሉ።

ድሮ ብዙው የእንግሊዝ ገጠር እንዲህ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ከ5,200 በላይ ሕጎች እያወጣ የጋራውን መሬት በአጥር አስከለለ። ስንቱ ድሃ ከብቱን የሚያሰማራበት አጣ! ላክስተን ግን ተረፈች። ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ በ1635 እያንዳንዷን ቁራሽ የሳለበት ካርታ ዛሬም ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ልቤን የነካው ጁሪው፣ ማለትም የዳኞቹ ቡድን ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ከገበሬዎቹ መሃል የተመረጡ ሰዎች ስንዴ የተዘራበትን መስክ ይዞራሉ። መንገዱን ገፍቶ ያረሰ አለ? ቦዩን ሳይጠርግ የተወ አለ? ያያሉ፣ ወሰኑ ላይ ችካል ይመታሉ። በሳምንቱ የመንደሩ መጠጥ ቤት ውስጥ ችሎት ተቀምጦ ያጠፋውን ይቀጣል። ለጎብኚ ተብሎ የሚሠራ ትርኢት እንዳይመስላችሁ። በ1977 የወጣ ሕግ የመሰል ጥንታዊ ችሎቶችን ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ለይቶ አስቀርቶታል።

አንዱን ችካል ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተራ እንጨት ነው። በዚህ በኩል የመንገዱ ሳር፣ በዚያ በኩል ትልሙ። «ወሰን ገፋህ»፣ «አልገፋሁም» ተባብለው ጎረቤታሞች ደም ሲቃቡ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዘንድሮ ዳኛ የሆነው ለከርሞ የራሱ ማሳ በሌሎች ይታያል። ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቁ ናቸው።

መሬቱ በ2020 የእንግሊዝን ዘውድ ንብረት ከሚያስተዳድረው ክራውን እስቴት ወደ ቶረስቢ እስቴት፣ ወደ አንድ የግል ባለርስት፣ ዞሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይሆን ተተኪው ገበሬ ነው። በዚያ መስክ የሚያርስ ወጣት ከጠፋ፣ ጁሪ የሚሆነው ማን ነው?