ጎንደር ላይ የእጅ ጌም ስሸጥ ዋናዬን የበላሁበት ስሌት

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከመርካቶ 10 ኔንቲዶ ስዊች ላይት እያንዳንዱን በ20,000 ብር ገዝቼ ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ሱቄ አመጣሁ። ግዢውም ሆነ ማጓጓዙ አላስቸገረኝም፤ የተሳሳትኩት ዋጋ ስተምን ነው።

በእያንዳንዱ ላይ 4,000 ብር ጨምሬ ደብተሬ ላይ «ትርፍ 20 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ግን ከግዢው ሲታሰብ ነው፤ ከሽያጩ ሲሰላ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ለጭነትና ለኪራይ በአንድ ዕቃ 1,500 ብር ሲቀነስ ደግሞ ግብር ሳይታሰብ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል።

ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋ ልጨምር አሰብኩ። አንድ የንግድ ተቆጣጣሪ ግን ደረሰኜን አገላብጦ «በድሮ ዋጋ የገባ ዕቃ በድሮው ዋጋ ይሸጣል» አለኝ፤ እኔም ተቀብዬ እስከ ጳጉሜን 10ሩንም ሸጥኩ። ወጪዬን ሸፍኜ የቀረኝን 225,000 ብር ይዤ መርካቶ ስደርስ ነጋዴው ምንም ሳይናገር ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረው፤ 27,000 ይላል። የ10 ዕቃ ሽያጭ ይዤ ሄጄ 8 ዕቃ ይዤ ተመለስኩ። በተቆጣጣሪው ላይ ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አልበረደም፤ ደረሰኝ ትናንት የከፈልኩትን እንጂ ነገ የምከፍለውን አያሳይም። ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ እበሳጫለሁ፤ ደውዬ የዕለቱን ዋጋ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ደንበኞች «ካምፓኒው ራሱ ይቀንስ የለም ወይ?» ይሉኛል። ኔንቲዶ በፈረንጆች 2011 በ25,000 የን ያወጣውን ስሪ ዲ ኤስ የተባለ የእጅ ጌም በዚያው ዓመት ወደ 15,000 የን አውርዶ ለጊዜው በኪሳራ እንደሸጠው እውነት ነው፤ እሱ ግን ጌም በተሸጠ ቁጥር ድርሻ ስለሚደርሰው ኪሳራውን ያካክሳል። ለእኔ ከጌሙ ሳንቲም አይደርሰኝም፤ ስለዚህ በዕቃው ላይ መክሰር አልችልም።

አሁን የምነሳው ዕቃውን ዛሬ ለመተካት ከሚያስፈልገኝ ገንዘብ ነው፤ ያኔ 27,000 ላይ ወጪውን ደምሬ 28,500 ሲሆን ከሽያጩ 15 በመቶ እንዲተርፈኝ ለ0.85 አካፍዬ 33,500 ብር አልኩ። የሚከራከር ደንበኛ ሲመጣ ከዋጋው አልቀንስም፤ በ300 ገዝቼ በ700 የምሸጠውን መሸፈኛ እመርቅለታለሁ። ከጥምቀት በፊት መሸጥንም እመክራለሁ፤ በበዓሉ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ራሱ ይዞ ይመጣልና።

8ቱን በዚህ ስሌት ሸጬ መርካቶ ተመለስኩ። ዋጋው ባለበት ስለቆየ 9 ገዛሁ፤ አስረኛው እስካሁን አልተተካልኝም።