እማዬን ይዤ የእንግሊዝን ገጠር ስዞር

ብሪስቶል የሚኖር ሰው እንግዳ ሲመጣበት ወይ ለንደን ይዞት ይሄዳል ወይ ገጠር። ለንደን ውድ ነው፣ ግፊያ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ ገጠር ወጣን። ሌኮክ፣ ካስል ኩም፣ ባይብሪ፣ መጨረሻ ላይ ባዝ።

እማዬ የፒያሳ ልጅ ናት። ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ፣ እዛው ወልዳ፣ እዛው አርጅታ፣ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የገባች ሴት ናት። አስቀድሜ የምነግራችሁ በየሄድንበት ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዛው ሰፈር ይገባ ስለነበር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ግን የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሌኮክ ዊልትሸር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ዋና ዋና መንገዶቿ አራት ናቸው፣ ዞራችሁ ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅም። የኤሌክትሪክ ገመድ በላያችሁ አያልፍም፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ የለም። ገመዱን መሬት ውስጥ ቀብረውታል። እኔ ይሄን እያየሁ ስደነቅ እማዬ አንድ ቤት ግድግዳ ስር ቆማ በጣቷ ትነካካለች።

«ይሄማ የኛው ጭቃ ቤት ነው!» አለች። «ማገሩን አታዪውም?»

እውነቷን ነው። ቋሚው የኦክ እንጨት ነው፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ በጭቃና በጭድ ተመርጓል። ከላይ ኖራ ተቀብቷል። አንዳንዱ ቤት አርጅቶ ወደ መንገዱ ዘመም ብሏል፣ በሩም አብሮት ተንጋዷል። እንደዚህ ሆኖ ከ500 ዓመት በላይ ቆሟል። እማዬ የተወለደችበት ጭቃ ቤት መቶም አልሞላውም ነበር።

እንዴት ቆመ? መልሱ ታሪክ ማክበር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ነገሩ ግን ጠምዘዝ ይላል። መንደሩ መጀመሪያ የገዳም ነበር። ኤላ የምትባል የሶልዝበሪ እመቤት በ1232 የሴቶች ገዳም አቋቋመችበት፣ ገበሬው ሁሉ የገዳሙ ጭሰኛ ሆነ። ኪራዩን በእህል፣ በቆዳና በበግ ፀጉር የሚያስገባበት ትልቅ ጎተራ ዛሬም አለ፤ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ስታዩት የተገለበጠ መርከብ ይመስላል። አስራትና ገባር እየሰማ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ እማዬ ገብታ ዞር ዞር ብላ «የጭሰኛው ላብ ነው» ብላ ወጣች። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ዘጋው። ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል ሰው ገዛና የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ የቀረውን መኖሪያው አደረገው። ይሄ ሰውዬ ቆይቶ ብሪስቶል ውስጥ የሚሠራበትን የመንግሥት የሳንቲም ማምረቻ ሲመዘብር ተይዟል፣ በኋላ ምሕረት አገኘ። ወገኛ ቅርስ ጠባቂ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ከዛ በውርስና በጋብቻ ለታልቦት ቤተሰብ ደረሰ። የሱፍ ጨርቅ ንግዱ ሲዳከም መንደሩ ውስጥ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ሀብታም ጠፋ፣ ባለቤቶቹም ሸንሽነው አልሸጡትም። በ1944 ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንም መንደሩንም ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች።

እዚህ ጋ ነው የነቃሁት። ሌኮክ ውስጥ የሚኖረው ሰው አብዛኛው ተከራይ ነው! አከራዩ ናሽናል ትረስት ነው፣ ጣሪያ ሲያፈስ ጠጋኙም እሱ ነው። እማዬም ዕድሜዋን ሙሉ ተከራይ ነበረች። በአዋጅ 47/1967 (ይሄኛው ዓመት የኛው ነው) የከተማ ትርፍ ቤቶች ተወርሰው የቀበሌ ሲሆኑ ኪራዩ ከእጅ የማይገባ ሳንቲም ሆነ፣ በዛ ሳንቲም ደግሞ ማንም ቤት አያድስም። አከራዩ አያድስ፣ ተከራዩ የኔ ያልሆነውን ለምን ይላል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ላስቲክ ማልበስ ነው። ሃምሳ ዓመት እንደዛ የተያዘ ቤት በመጨረሻ «ያረጀ ነው፣ ይፍረስ» ቢባል ምን ይገርማል? ጭቃው አይደለም ጥፋተኛው።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ስተነትንላት መስኮት ፎቶ ታነሳለች። ያውም ተራ መስኮት አይደለም። የገዳሙ ቤት ባለቤት የነበረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 በትንሽ የእንጨት ሳጥን ያነሳው መስኮት ነው፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶ ኔጌቲቮች ሁሉ ቀዳሚው። ኔጌቲቩ የቴምብር ያህል ነው፤ ሰውዬው ያኔ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሁለት መቶ ያህል የመስታወት ቁራጮች ይቆጠሩበት እንደነበር ጽፎበታል። እማዬ በሳምሰንግ ስልኳ ሦስት አራቴ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ወዲያው ለእህቴ በቴሌግራም ላከች። እህቴ «መስኮት ምን ያደርግልኛል፣ አንቺን አሳዪኝ» ብላ መለሰች።

ካስል ኩም ቆንጆ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። ድልድዩ ላይ ፎቶ ለማንሳት ወረፋ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ፊት የሌለው ሰዓት አለ፣ ቆጣሪም ቁጥርም የለውም፣ ብረቱና ገመዱ ብቻ። ሰዓቱን የሚናገረው በደወል ነው። እማዬ ይሄ አልገረማትም፤ ጊዮርጊስ ደወል ስር ያደገች ሰው ናት።

ባይብሪ ላይ ግን ደርቃ ቀረች። አርሊንግተን ሮው የሚባሉ ተርታ ቤቶች አሉ፣ ግድግዳውም የጣሪያው ክዳንም ማር የመሰለ በሃ ድንጋይ። በ1380 ገደማ የገዳም የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠራ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከፋፍለው ለሸማኔዎች መኖሪያ አደረጉት። ሸማኔው እቤቱ ይሸምናል፣ ጨርቁ ወፍጮ ቤት ሄዶ በውሃ ኃይል እየተወቀጠ ጥቅጥቅ ይላል፣ ከዛ ፊት ለፊት ያለው ረግረግ መስክ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። መስኩ አሁን የዳክዬ ነው።

«ሸማኔ ነው የኖረበት?» አለች እማዬ። ደግማ ጠየቀችኝ። «እኛ እኮ ሸማኔን ስንንቅ ነው የኖርነው። ጥበቡን ለብሰን ሰውየውን ስንሳደብ።»

ምን ትላላችሁ? ዝም አልኩ። ደግሞ እነዚህም ሸማኔዎች ሀብታም አልነበሩም፤ ሀብታሙ ነጋዴው ነበር። የፋብሪካ ማሽን ሲመጣ ሥራው ወደ ሌላ አካባቢ ሄደና መንደሩ ደኸየ፣ ለማፍረስም ገንዘብ ያስፈልጋልና ቤቶቹ ባሉበት ቀሩ። አሁን ያንን ድህነት ለማየት በአውቶቡስ ተጭነን እንመጣለን። የመኪና ሰው ሄንሪ ፎርድማ ከዚሁ አካባቢ፣ ቼድዎርዝ ከሚባል መንደር፣ አንድ ቤት ገዝቶ ድንጋዩን ነቃቅሎ ሚሺጋን ወስዶ ተክሎታል። ገንዘብ ካለ ሰፈርም ይጫናል።

ባዝ የሄድነው ለፌርፊልድ ሃውስ ነው። ጃንሆይ ጣልያን አገሩን ሲይዝ በ1936 የገዙት ቤት ነው፣ እስከ 1940 ኖረውበታል። በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጡት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ ደርባ በሩ ጋ ቆማ «ከዚህ ብርድ ጋር እንዴት ቻሉት» ብቻ ነው ያለችው። ቤቱ ራሱ ከላይ ካልኳቸው መንደሮች አንጻር አሮጌ የሚባል አይደለም፣ ግን ከሁሉም ረጅም ሰዓት የቆምነው እዚህ ነው።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ጠየቅኳት። ዶሮ ማነቂያን እንደ ሌኮክ አድሰው ቢያቆዩት ትቀሪ ነበር?

«ሽንት ቤቱን ውስጥ ካስገቡልኝ» አለች ወዲያው። የጋራ ሽንት ቤት ወረፋውን፣ የክረምቱን ጭቃ፣ ውሃ የምንቀዳበትን ቦኖ አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ፤ እኔ ናፍቆት ይዞኛል፣ እሷ ምንም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተናደደች። «ቤቱስ ይቅር። እነ ወይዘሮ እንትናን አንዷን ወዲያ አንዷን ወዲህ ባይበትኑብኝ ምን ነበረበት? እዛ ድንጋይ መንደር ውስጥስ ቡና የሚጠራራ ሰው አየሽ?»

አላየሁም። ያየሁት ቱሪስት ነው፣ በር ላይ «የግል ቤት ነው፣ እባካችሁ አትግቡ» የሚል ወረቀትም አይቻለሁ።

ላቨንሃም የሚባል፣ ሰፎክ ውስጥ፣ እንደዚሁ በሱፍ በልጽጎ የደኸየ ከተማ ላሳያት አስቤያለሁ። ሩቅ ነው፣ ቪዛዋም ሊያልቅ ነው። እሷ ደግሞ ከአሁን በኋላ ገበያ እንጂ ድንጋይ አላይም ብላለች፣ ለጎረቤቶቿ የምትወስደው ዕቃ ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።