ፊቴን ከሰሌዳው ወደ ልጆቹ ለመመለስ የፈጀብኝ ሰባት ወር

መስማት የተሳናቸው ሁለት ልጆች ክፍሌ ውስጥ ገብተው መማር ከጀመሩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ልጅቷ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ትጠቀማለች፤ ልጁ የሚግባባው በምልክት ቋንቋ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለያዛችሁ ባልደረቦቼ ይጠቅም እንደሆነ በማለት እስካሁን የተማርኩትን አካፍላችኋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትልቁ ስህተቴ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ማስረዳቴ ነበር። የሚሰማ ልጅ ዓይኑን ደብተሩ ላይ ተክሎ ጆሮውን ለመምህሩ መስጠት ይችላል፤ በዓይኑ የሚከታተል ልጅ ግን ወይ ሰሌዳውን ያያል፣ ወይ እኔን። አሁን እጽፋለሁ፣ አንብበው እስኪጨርሱ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ዓይናቸው ወደ እኔ ሲመለስ ንግግሬን እቀጥላለሁ። ያ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ጊዜ የማባክን እያስመሰለ ያስጨንቀኝ ነበር።

«ቀስ ብለህ ብትናገር ከከንፈርህ ያነባሉ» የሚለውን ምክርም አምኜ ቆይቻለሁ። አንድ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ድምፅ ሳላወጣ «በላ» እና «መላ» አልኩ፤ ከንፈሬ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። ብ፣ ፕ እና ም ከንፈር ላይ አይለያዩም፤ ክ፣ ግ እና ቅ ደግሞ ከአፍ ውስጥ ወደ ኋላ ስለሚፈጠሩ ከነጭራሹ አይታዩም። ስለዚህ ከንፈር የሚያነብ ልጅ ብዙውን የሚሞላው በግምት ነው፤ ለመገመት ደግሞ ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አዳዲስ ቃላትን ከትምህርቱ በፊት ጽፌ የማሳየው ለዚህ ነው።

ለልጅቷ በጣም የጠቀማት ዳንኤል ሊንግ የተባለው ባለሙያ ያስተዋወቀው የስድስት ድምፆች ፍተሻ ነው። ጠዋት ጠዋት አፌን በወረቀት ከልዬ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ሽ፣ ስ እና ም የሚሉትን ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየርኩ እላለሁ፤ እሷም የሰማችውን ትደግማለች። አንድ ቀን አናባቢዎቹን ደግማ ስ እና ሽ ላይ ዝም አለች። መሣሪያውን ሳየው ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ክፍል ቀዳዳ በኩክ ግማሽ ተደፍኖ ነበር። ፍተሻው ባይኖር ኖሮ ቀኑን ሙሉ ትኩረት የላትም እያልኩ እፈርድባት ነበር።

ከልጁ ጋር የገጠመኝ ግን ከመሣሪያ የከበደ ነው፤ የምልክት ቋንቋን እንደ ጊዜያዊ መደገፊያ እቆጥረው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ውስጥ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ መምህራን ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ሲወስኑ ያሰቡት እንደኔው ሳይሆን አይቀርም። የቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ስቶኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ያሳየ ሲሆን፣ የሚላኑ ውሳኔ በዓለም አቀፍ ጉባኤ በይፋ የተነቀፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ምልክቱን በርትቼ መማር የጀመርኩት። ፊቴን ሳላንቀሳቅስ ጥያቄ ስጠይቅ ልጁ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር፤ ጥያቄነቱን የሚያሳየው ቅንድብ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

«ገባህ?» ማለትንም ትቻለሁ፤ ሁልጊዜ ራሱን ይነቀንቃልና። አሁን መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ያልተፈታልኝ የቡድን ውይይት ነው፤ ልጆቹ ሲሻሙ ማን እንደሚናገር ፈልጎ እስኪያገኝ ንግግሩ ያልፈዋል። ተናጋሪው አስቀድሞ እጁን እንዲያወጣ ደንብ አውጥተናል፤ እስካሁን በግማሽ ያህል ይከበራል። ባለፈው ሳምንት አንድ ምልክት ስሳሳት ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና አውራ ጣቴን ይዞ ወደ ትክክለኛው ቦታ አጠፈልኝ፤ እኔም ደግሜ አሳየሁት።