የክሌጌን ወንድማማቾች ፍልሚያ ላይ አምስት አመት ቲዎሪ ስሰራ የተማርኩት

ሰኔ 2006 ነው፣ ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው ተከታታይ ፊልም ሲዝን 4 ያለቀ ሰሞን። ሰፈር ካለው ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭነን አይተን ጨርሰን ድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘን ቁጭ ብለናል፣ እኔ ሃውንዱ ሞተ ብዬ በጣም ከፍቶኛል፣ አብራው ስትዞር የነበረችው ልጅ አርያኮ ደሙ እየፈሰሰ ድንጋይ ስር ጥላው ነው የሄደችው። አንዱ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «አቦ ሬሳውን አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም። «ካላየህ አልሞተም፣ ወንድሙን ሳይገጥም አይሞትም» አለ። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ እስከ ግንቦት 2011 ይሄ ፍልሚያ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ሳንዶር ክሌጌን ሃውንዱ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ግሬጎር ደሞ ማውንቴኑ። ልጅ ሆነው ሳንዶር የወንድሙን የእንጨት አሻንጉሊት ወስዶ ሲጫወት ግሬጎር ያዘውና ፊቱን ፍም ላይ ደፈቀው፣ አባትየው ደሞ የአልጋው ልብስ ላይ እሳት ተነስቶ ነው ብሎ ለሰው አወራ። ያ ልጅ አድጎ ግማሽ ፊቱ የተቃጠለ፣ ማንንም የማይፈራ ግን እሳት ሲያይ የሚርድ ሰው ሆነ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ይጋጠማሉ የሚለውን ቲዎሪ አድናቂዎች ክሌጌንቦውል ብለው ስም አወጡለት፣ የቤተሰቡን ስም ሱፐር ቦውል ከሚባለው የአሜሪካኖች ፍጻሜ ጨዋታ ጋር አጣብቀው።

መጀመሪያ የሰራሁት ስህተት ፊልሙ የተሰራበትን የጆርጅ ማርቲንን ተከታታይ መጽሐፍና ፊልሙን አንድ ላይ ማቡካት ነበር። አንድ ደብተር ገዝቼ ማስረጃ ያልኩትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልጽፍም። አንድ ቀን ሳንሳ ለምትባለው የአርያ እህት የእሳቱን ታሪክ ማን ነገራት ብለን ስንከራከር እኔ «ራሱ ሳንዶር ነው ለሳንሳ የነገራት» ስል ሌላው «ኧረ ሊትልፊንገር ነው» ይላል፣ ያ ተንኮለኛው የቤተመንግስት ሰው፣ ለካ ሁለታችንም ልክ ነን፣ መጽሐፉ ላይ ራሱ ነው የሚነግራት ፊልሙ ላይ ግን ሊትልፊንገር ነው። እና ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም! አንድ ሰው ቁስሉን በራሱ አፍ ሲናገርና ሌላ ሰው እንደ ሀሜት ሲያወራው ሰውየው ራሱ ይለያል። ከዛ በኋላ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት፣ በግራ መጽሐፉ በቀኝ ፊልሙ፣ አንዱ ለሌላው ምስክር እንዳይሆን።

ከዛ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቦታ የሚገኙበትን ትዕይንት እየፈለግኩ በስልኬ ፒዲኤፍ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንግሊዝኛዬ ያኔ ብዙ አልነበረም፣ አንድ ምዕራፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር፣ ግን ወላሂ ቲዎሪ መስራት ያስተማረኝ ያ ዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. 1996 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ የፈረስ ግጥሚያው አለ አይደል፣ ግሬጎር ሎራስ በሚባል ወጣት ፈረሰኛ ሲሸነፍ የራሱን ፈረስ አንገት ቆርጦ ልጁን ሊገድለው ሲል ሳንዶር መሀል ይገባል፣ ንጉሱ አቁሙ እስኪል ድረስ በሰይፍ ይጋጠማሉ። ፊልሙ ላይ አስር ጊዜ አይቼዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ ግሬጎር የራስ ቁር አላደረገም፣ ፊቱ ባዶ ነው፣ እሱ የወንድሙን ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ ሳንዶር ግን አንድም ጊዜ ወደዛ ባዶ ፊት አልሰነዘረም። እድሜ ልኩን ልገድለው እፈልጋለሁ የሚል ሰው እድሉን አግኝቶ አልመታም። ይሄን ሳነብ ሌሊት ነበር፣ ጣራ ላይ ነው ምንተኛው በሙቀቱ ምክንያት፣ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ሁሉም ሰው «ማን ያሸንፋል» እያለ ነው የሚከራከረው፣ ለኔ ከዛ ሌሊት በኋላ ጥያቄው ሳንዶር ያንን ፊት መምታት የሚችለው ምን ሲሆን ነው የሚል ሆነ።

ያኔ ዋናው ቲዎሪ የፍልሚያ ፍርድ ነበር፣ ክስ በሁለት ተፋላሚዎች ውጊያ የሚዳኝበት። የንጉሱ እናት ሰርሴ ትከሰሳለች፣ በተፋላሚ ልዳኝ ትላለች፣ የሷ ተፋላሚ ከዛ አይናገርም አይበላም አይጠጣም ከሚባለው ግዙፍ ውጪ ማን ሊሆን ነው፣ እ.ኤ.አ. 2011 በወጣው መጽሐፍ ሮበርት ስትሮንግ ተብሎ የራስ ቁሩን የማያወልቀው፣ ሁላችንም ኦበሪን በሚባል ተፋላሚው መርዝ ከሞተ በኋላ የሰርሴ ሰው ካይበርን መልሶ የሰራው ግሬጎር ነው ብለን የምናምነው። በከሰሷት የሃይማኖት አባቶች በኩል ደሞ ሳንዶር ይቆማል፣ አለቀ። በጣም ነበር የሚያምረው፣ ሳስረዳ ሻይ የሚቀዳው ልጅ ራሱ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

ከዛ 2008 መጣ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሃውንዱ በህይወት ተመለሰ፣ ሰፈር ውስጥ በደስታ ጮህኩ፣ ልክ በሳምንቱ የሰርሴ ልጅ ንጉስ ቶመን ተነስቶ የፍልሚያ ፍርድ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው አለ። በቃ። ሁለት አመት የገነባሁት በአንድ አረፍተ ነገር ፈረሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ምክንያት ስደረድር ነበር፣ አዋጁ ይሻራል፣ ሰርሴ ልጇን ታሳምነዋለች ምናምን እያልኩ፣ አንዱም ግን ማስረጃ አልነበረውም፣ እንዲሆን ስለፈለግኩ ብቻ ነው የምለው። ደብተሬን ገልጬ ሳየው የፍርድ ቤቱ ነገር ለካ ቦታ ብቻ ነው፣ የሚጋጠሙበት ሜዳ ነው እንጂ የሚጋጠሙበት ምክንያት አይደለም፣ ምክንያቱ ፍሙ ነው፣ ፍሙ ደሞ በአዋጅ አይከለከልም። ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ህግ አወጣሁ፣ ማንኛውም ቲዎሪ ስር «ይሄ ከሆነ ቲዎሪዬ ሞቷል» የሚል መስመር መጻፍ አለብኝ። ያንን መስመር መጻፍ ካቃተኝ ቲዎሪ የለኝም ማለት ነው።

ትልቁን ነገር ያስተማረችኝ ግን እህቴ ናት፣ ፊልሙን ብዙም የማትከታተለው። ቡና እያፈላች ስለ መቃብር ቆፋሪው አወራላታለሁ፣ እ.ኤ.አ. 2005 የወጣው መጽሐፍ ላይ ነው፣ ብሪየን የምትባል ሴት ተዋጊ አንድ የመነኮሳት ደሴት ትደርሳለች፣ የገዳሙ አለቃ ሃውንዱ ሞቷል ይላታል፣ ሳንዶር ግን አርፏል ይላል፣ እዛው ደሞ ፊቱን የሸፈነ፣ የሚያነክስ፣ ግዙፍ መቃብር ቆፋሪ አለ፣ የሃውንዱም ፈረስ ስሙ ተቀይሮ ጋጣው ውስጥ ነው። እኔ ይሄን የማወራው «አየሽ በህይወት አለ፣ ይመለሳል» ለማለት ነው። እህቴ ረከቦቱን እያስተካከለች «ሰውየው ሰላም ካገኘ ለምንድነው እንዲመለስ የፈለግከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሰው ቂሙን ሲተው ሽማግሌ ይመርቀዋል እንጂ ና ተደባደብ ይለዋል እንዴ?» አለች። ያን ያህል አመት እኔ የሳንዶርን ጥቅም አላሰብኩም፣ የማየት ፍላጎቴን ነው ያሰብኩት። አንዳንድ አድናቂዎችም መጽሐፉ ላይ ፍልሚያው በጭራሽ አይመጣም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፣ ድሮ በጣም ያናድዱኝ ነበር፣ አሁን ግን ከሁሉም ጠንካራው ክርክር የነሱ ይመስለኛል።

ፊልሙ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ሲዝን 7 መጨረሻ ላይ ሳንዶር ወንድሙ ፊት ቆሞ እንደሚመጣበት ነገረው፣ ከዛ በኋላ ይጋጠማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ አልቆ እንዴት የሚለው ብቻ ቀረ። ሲዝን 8 ሊጀምር ሲል አራታችን የየራሳችንን ቲዎሪ በወረቀት ጽፈን፣ ቀን አድርገንበት ፈርመን፣ ፖስታ ውስጥ አሽገን ለጓደኛዬ እናት ሰጠን፣ አዴ ነው ምንላት ሁላችንም፣ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ይሄን ለማንም እመክራለሁ፣ ካልታሸገ ሰው ሁሉ በኋላ «እኔኮ ብያለሁ» ይላል፣ እኔም ጭምር። አንዱ ሳንዶር አሸንፎ ወደ ሰሜን ይመለሳል አለ፣ ሌላው ግሬጎር በመጨረሻው ሰአት ወንድሙን ያውቀዋል አለ፣ እህቴ «እዛ ከሄደ አይተርፍም» ብላ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። እኔ ሰርሴ ያለችበት ቤተመንግስት ቀዩ ግንብ ውስጥ ይሆናል፣ እሳት ይኖራል፣ ሁለቱም ይሞታሉ፣ አርያ አጠገቡ ሆና የመጨረሻውን ምት ትመታለች ብዬ ጻፍኩ። የሚገድለው መስመር ደሞ «ከሁለቱ አንዱን ከነሱና ከአርያ ውጪ ሌላ ሰው ከገደለው» የሚል ነበር።

ክፍል 5 የወጣው ግንቦት 5 2011 ሰኞ ሌሊት በኛ 10 ሰአት ነው፣ አሜሪካ እሁድ ምሽት 3 ሰአት ማለት ነው፣ ረመዳን ስለነበር ድሬ በዛ ሰአት አልተኛችም፣ ቤቱ ሁሉ መብራት በርቶ ሱሁር እየተበላ ነው። እነ አዴ ቤት ተሰብስበን ፈጢራና ሻይ ቀርቦልን እኔ ግን መብላት አቃተኝ። አዛን አለ፣ ልጆቹ ሰገዱ፣ ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሊነጋ ምንም አልቀረው፣ ከዛ መጋረጃ ዘግተን አየን።

ግንቡ እየፈረሰ ነው፣ ድራጎኑ ከላይ እሳት ይተፋል፣ ሳንዶርና አርያ ውስጥ ገብተዋል። እኔ ፍልሚያውን ነው ምጠብቀው። ሳንዶር ግን መጀመሪያ አርያን አቆማት፣ ሰርሴ በማንኛውም መንገድ መሞቷ አይቀርም፣ አንቺ ግን ከመጣሽ ትሞቻለሽ፣ እኔን እዪኝ፣ እንደኔ መሆን ነው የምትፈልጊው አላት። አርያ ድሮ በሚገደሉት ሰዎች ዝርዝሯ ውስጥ የከተተችውን ሰው በስሙ ጠርታ፣ ሃውንድ ሳትል ሳንዶር ብላ አመሰገነችውና ተመለሰች። እዛ ጋ ነው ያለቀስኩት፣ ሰይፍ እንኳን ገና አልተመዘዘም።

ከዛ ተጋጠሙ። የራስ ቁሩ ወደቀ፣ ያ የገረጣ የሞተ ፊት ወጣ፣ ሳንዶር ይወጋዋል አይሞትም፣ አይኑ ውስጥ ጩቤ ሰክቶበትም አይሞትም፣ በመጨረሻ ተንደርድሮ ይዞት በግድግዳው ጥሶ ሁለቱም ከታች እሳቱ ውስጥ ገቡ። እድሜ ልኩን የሸሸው እሳት ውስጥ በራሱ እግር ነው የገባው። ያንን ፊት ለመምታት ምን ያስፈልገዋል ብዬ ነበር አይደል፣ ፊልሙ የሰጠው መልስ መትረፍን መተው ነው።

አዴ ፖስታውን አወጣችና አነበብን። ቦታው፣ እሳቱ፣ የሁለቱም ሞት ልክ ሆኖልኛል፣ ልጆቹ ጀርባዬን መቱኝ፣ እኔ ግን አይኔ አራተኛው ላይ ነው የቀረው። አርያ የመጨረሻውን ምት ትመታለች ብያለሁ፣ እሱ ግን እንዳትመታ አድርጎ መለሳት። ፍልሚያውን በደንብ አውቄዋለሁ፣ ሰውየውን ግን አላወቅኩትም ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ስለሚወድቁት ሰዎች ነው፣ ስለምትተርፈው አንድም ነገር አላሰብኩም። አሁን አዲስ ቲዎሪ ስጀምር መጀመሪያ የምጽፈው ከፍልሚያው በኋላ ማን ወደ ቤቱ እንደሚሄድና ምን ይዞ እንደሚሄድ ነው፣ ስለ ሰይፉ ከዛ በኋላ እደርሳለሁ።

መጽሐፉ ግን ገና ነው፣ መቃብር ቆፋሪው እዛ ደሴት ላይ እየቆፈረ ነው ያለው። ደብተሬ ላይ የግራው ረድፍ ክፍት ስለነበር ባለፈው ሞላሁት፦ «መጽሐፉ ላይ አይመለስም፣ ፍልሚያውም አይኖርም። ቲዎሪዬን የሚገድለው፦ ሳንዶር ከደሴቱ ሰይፍ ይዞ ከወጣ።» ቀን አድርጌ ፈረምኩና እህቴን አስፈረምኳት፣ አንብባ ምንም አላለችም፣ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።