ከጃኬቱ ኪስ የወጣው ስልክ

እኛ በምንኖርበት የስቶክሆልም ሕንፃ ልብስ የሚታጠበው በተራ ነው። ምድር ቤት የጋራ ማጠቢያ ክፍል አለ። ሰዓት ይያዛል፤ ካመለጠ አመለጠ። የእኔ ተራ ቅዳሜ ማታ ነበር። የልጄን ጃኬት ማሽኑ ውስጥ ልከት ስል እጄ ላይ አንድ ነገር ቫይብሬት አደረገ። ኪሱን ስፈትሽ ስልክ ነው። የልጄን ስልክ የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ይሄ እሱ አይደለም።

ስክሪኑ ላይ በስዊድንኛ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ይመችሃል? ቀላል ሥራ ነው።» ከሥሩ ዋጋው አለ። 3 ሺህ ክሮነር። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን ሳጥብና ሳበላ ሦስት ቀን ውዬ የማገኘው ነው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ጨዋ ነው፤ በሰዓቱ ይገባል፣ ራቱን በልቶ ክፍሉን ይዘጋል። እኔ እኮ የምፈራው ውጭ የሚያመሹትን ነበር።

ሰፈራችን በሰማያዊው የባቡር መስመር ላይ ነው፣ በሪንኬቢና በቴንስታ በኩል። ሕንፃዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 «አንድ ሚሊዮን ቤት» ተብሎ በዘመቻ ከተሠሩት ናቸው። ስመጣ የሚያስፈራኝ የክረምቱ ጨለማ ብቻ ነበር። በ2022 ግን አሥር ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባላት አገር 62 ሰው በጥይት ተገደለ። በ2023 መስከረም ደግሞ በአንድ ወር ብቻ በወንጀለኛ ቡድኖች ጠብ 12 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዷ የአንድ ቡድን መሪ እናት ናት፤ ኡፕሳላ ከተማ እቤቷ ድረስ ሄደው ነው የገደሏት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ወጥተው ስዊድን እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም አሉ። የፖሊስ አዛዡ ደግሞ ልጆች ራሳቸው ወደ ቡድኖቹ እየደወሉ ገዳይ እንሁን ይላሉ ብለው ተናገሩ። ዜናውን ስሰማ ወጥ ልሠራ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «ምን ዓይነት ወላጅ ነው ያሳደጋቸው?» አልኩና መክተፌን ቀጠልኩ።

ቡድኖቹ ለምን የ14 ዓመት ልጅ ይፈልጋሉ? ያኔ በነበረው የስዊድን ሕግ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም ነበር። አለቆቹ ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ብዙዎቹ ራሳቸው አገር ውስጥ የሉም፤ ውጭ ተቀምጠው በቴሌግራምና በሲግናል ያዝዛሉ። ልክ ፒዛ እንደማዘዝ ነው። ያዘዘው ልጁን አያውቀውም፣ ልጁም የሚተኩስበትን ሰው አያውቀውም። እኔ በር ቆልፌ ስተኛ ለካ ሰውዬው ግድግዳ ተሻግሮ ልጄ አልጋ ላይ ነው።

ጃኬቱን ሳላጥበው ይዤው ወጣሁ። ልጄ ወጥ ቤት ፓስታ እየበላ ነበር። ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሹካው ቆመ።

«እማ፣ ቦርሳ ብቻ ነው ያስቀመጥኩላቸው። አንድ ቀን ብቻ።»

«ምን ነበረበት?»

«አላየሁም።»

አልዋሸኝም። ይበልጥ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። «ጓደኛዬ አዋሰኝ» ያለኝን ጃኬትም ለካ እነሱ ናቸው የሰጡት። አንድ ፖሊስ ቆይቶ እንዳስረዳኝ አካሄዱ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ስጦታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቦርሳ። ከዚያ ቦርሳው «ይሰረቃል»፤ ብዙ ጊዜ የሚሰርቁት ራሳቸው ናቸው። ልጁ ባለዕዳ ይሆናል። ዕዳውን በምን ይከፍላል? በታዘዘው ነገር።

አባቱ «አዲስ አበባ አያቱ ጋ እንላከው» አለ። አንዷ የቤተ ክርስቲያን እህታችን ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሶሻል ጋ እንዳትደውዪ፣ ልጅሽን ይነጥቁሻል» አለችኝ። ሶሻል የምንለው የቤተሰብና የልጆችን ጉዳይ የሚይዘውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ።

ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ቡናዬን ትጠጣለች። ልጄን አልወሰዱትም። ሶሻል መልአክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ስብሰባው አያልቅም፣ አንዱን ነገር ለሦስት ሰው ትተርካለህ። ግን ትምህርት ቤት ቀየረ፣ ስልኩና ጃኬቱ ፖሊስ ዘንድ ሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚያጫውተው ሰው ተገኘለት። የቦርሳው ዕዳ ሳይጻፍበት ስለደረስን ተመስገን እላለሁ።

ጓደኛው አልተረፈም። እኛ ቤት እየመጣ ሽሮ የሚበላ፣ «እትዬ፣ እንጀራ ጨምሪልኝ» የሚለኝ ልጅ ነው። 15 ሞላው፤ አሁን በሩ የሚቆለፍ የመንግሥት ተቋም ውስጥ ነው። እናቱ ለሰው «ሌላ ከተማ እየተማረ ነው» ትላለች። ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሴ ሲያልቅ «ልጁ እንዴት ነው?» እንላታለን፣ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለናለች። ጸበል ጻዲቅ ተቃምሰን እንለያያለን። እኔም ከዚያች እህት በቀር የልጄን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማጠቢያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተገናኘን። እሷ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ እኔ ስገባ። የልብሱን ቅርጫት መሬት አስቀመጠችና ከላይ ሰው እንዳለ ዞር ብላ አየች።

«ያኔ የደወልሽበትን ቁጥር ስጪኝ» አለች። «ታናሹ 12 ሞላው። ትናንት አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ።»