ያልታመመውን አሳ ያከምኩበት መጋቢት

አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት ቤት፣ 120 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ አራት ጎልድ ፊሾች አሳድግ ነበር። ባለፈው ዓመት መጋቢት ወር ሁለቱ ሞቱብኝ። የገደላቸው በሽታ ሳይሆን እኔ የሰጠኋቸው ሕክምና ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ የሆነውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

አኳሪየሙን ማቋቋሙ አላስቸገረኝም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን አጠራቅሜ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍቼ አሳድረው ነበር፤ ፊልተርና የአየር ፓምፕ ገጠምኩ፤ ሦስት ዓመትም በሰላም አለፈ።

አንድ ማለዳ ምግብ ስሰጣቸው በትልቁ አሳ የስንጥብ ክዳን ላይ ስኳር የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ። አሳ አርቢዎች ኢክ የሚሉትን የነጭ ነጠብጣብ በሽታ በስም አውቀው ስለነበር ልቤ ደነገጠ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ፎቶውን ገረፍ አድርጎ አየና «ይሄማ ኢክ ነው፤ ቶሎ ካልደረስክላቸው ሁሉንም ይጨርሳቸዋል» ብሎ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ የአሳ መድኃኒት አንድ ጠርሙስ ሸጠልኝ። አሳው ይበላል ወይ፣ ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር ያሻል ወይ፣ ነጠብጣቡ ያለው የት የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ አሳው ግን በደንብ ይበላ ነበር፣ አካሉንም አያሽም ነበር። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው መድኃኒቱን በቀጥታ አኳሪየሙ ውስጥ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን አራቱም አሳዎች ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ሻጩ ጋ ስደውል «መድኃኒቱ ገና አልሠራም፤ ጨምርበት፤ ሙቀቱንም 30 አድርሰው» አለኝ። ሂተር ገዝቼ ሁለቱንም አደረግሁ። ሜቲሊን ብሉ በፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩትንና ከአሳው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ሌላ ነገር የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን እንደሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን ቀድሞውንም በባሕር ዳርቻ ካለው ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ እንደሆነም አላሰብኩም። አሳዎቹን በአሞኒያ እያቃጠልኩ ትንፋሻቸውንም አሳጠርኩት።

በማግስቱ ትልቁን አሳ በባልዲ ይዤ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀበለችኝ ሠራተኛ ባልዲውን እንኳ ሳታይ «ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናክመው» ብላ መለሰችኝ። አለማከማቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን «ውኃውን ለካኸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

የጠየቀችኝ ባዮሎጂ የምትማር የጎረቤት ልጅ ነች። ያን ዕለት ማታ የስልኳን መብራት በሰማያዊው ውኃ ውስጥ አብርታ ብዙ ካየች በኋላ «ጋሼ፣ ነጠብጣቡ ጀርባው ላይ የታለ? ጭራውስ ላይ?» አለችኝ። አልነበረም። የነበረው በስንጥቡ ክዳንና በደረት ክንፉ የፊተኛ አጥንት ላይ ብቻ ሲሆን፣ እዚያም እንደ ስፌት በተርታ ተደርድሮ ነበር። «ይሄኮ በሽታ አይደለም። ወንዱ ለመራባት ሲደርስ የሚያወጣው ነው» አለችኝ። ፎቶውን ስንት ጊዜ አጉልቼ ሳይ ነጩን እንጂ ያለበትን ቦታ አላየሁም ነበር። አሳ ከሚያሳድግ ጓደኛዋ ባመጣችው መለኪያ አሞኒያውን ስንለካ ዜሮ መሆን የሚገባው በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። ሂተሩን ነቅለን፣ የውኃውን ግማሽ ባደረ ውኃ ለወጥን፤ ሌሊቱን ግን ትልቁ አሳ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ሌላው ሞተ። የቀሩትን ሁለቱን በየቀኑ ውኃ እየለወጥኩ በሁለት ሳምንት አዳንኳቸው፤ በዚህ እኮራለሁ።

የመድኃኒቱ መመሪያ ምልክት እንደታየ ወዲያውኑ ጨምሩ ይላል፤ እኔ ግን አሳው እየበላ ከሆነ መድኃኒት አትንኩ እላለሁ። መጀመሪያ አሞኒያንና ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን የሚለውጡበትን ሌላ መርዝ፣ ናይትራይትን፣ ለኩ፤ መለኪያ ከሌላችሁ የውኃውን ሲሶ ለውጡና አንድ ቀን ተመልከቱ። አሳዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ከወጡ ከበሽታው በፊት ውኃውን ጠርጥሩ። እውነተኛው ኢክ በመላ ሰውነትና በጭራ ላይ ይበተናል፣ አሳውም ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር ያሻል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚሞተው ለቆ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ማቋረጥ ስህተት ነው። ለጎልድ ፊሽ በሊትር 2 ወይም 3 ግራም ጨው፣ የአየር ፓምፑን አጠንክሮ፣ ከሜቲሊን ብሉ የተሻለ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ሜቲሊን ብሉ የግድ ካስፈለገም ፊልተር በሌለው ሳፋ ውስጥ እንጂ አኳሪየሙ ውስጥ አይጨመር።

ዘንድሮ መጋቢት ከተረፉት አንዱ በክንፉ ላይ ያንኑ ነጭ ተርታ አወጣ። መለኪያውን አውጥቼ ለካሁ፤ አሞኒያው ዜሮ ነበር። ምግባቸውን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።